በዝምታ የሚወሰን ዓይነት፤ የሠንጠረዥ ዓምድን የመረጃ ዓይነት በራስ ስለ መምረጥ

መግቢያ

በሰው ልጅ ዘረመል ጥናት ውስጥ «ሴፕት2» እና «ማርች1» በሚል ምሕፃረ ስም የሚታወቁ ጂኖች ነበሩ። ተመራማሪዎች እነዚህን ስሞች በኤክሴል ገበታ ላይ ሲያሰፍሩ ፕሮግራሙ የወር ስም መስለውት ወደ ሴፕቴምበር 2 እና ወደ ማርች 1 ይለውጣቸው ነበር። ችግሩ እ.ኤ.አ. በ2004 በጽሑፍ ተገልጿል። በዚሁ ጽሑፍ «2310009ኢ13» የተባለ የናሙና መለያ በመካከሉ ያለው ፊደል የዐሥር ኃይል ምልክት ተደርጎ በመወሰዱ 20 አኃዝ ወዳለው ግዙፍ ቁጥር መለወጡ ተመልክቷል። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በ18 የሳይንስ መጽሔቶች ላይ ታትመው የጂን ዝርዝርን በኤክሴል ካያያዙ ጽሑፎች መካከል 20 በመቶ ያህሉ እንዲህ ያለ ስሕተት እንደሚገኝባቸው አሳየ። በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በ2020 የሰው ጂኖችን ስም የሚያጸድቀው ዓለም አቀፍ ኮሚቴ የ27 ጂኖች ስም መለወጡ ተገለጸ። ማይክሮሶፍት ይህን በራስ ሰር የመለወጥ ጠባይ ተጠቃሚው ሊያጠፋው የሚችልበትን ምርጫ ያስገባው ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2023 ነው።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ስለ ኤክሴል ብቻ አይደለም። ተጠቃሚው «ይህ መረጃ ጽሑፍ ነው» ብሎ አልተናገረም፤ እርሱ ዝም ሲል ፕሮግራሙ ወሰነ። ይኸው ነገር በየዕለቱ የዳታቤዝ ሠንጠረዥ በሚፈጠርበት ጊዜም ይደርሳል። ይህ ጽሑፍ አንድ ሠንጠረዥ ሲፈጠር ለዓምዶቹ የመረጃ ዓይነት የሚሰጠው ማን እንደሆነ፣ ነባሪው ምርጫ (ማለትም ተጠቃሚው ምንም ካላለ ፕሮግራሙ በራሱ የሚወስደው ምርጫ) በምን ምክንያት እንደሚሳሳት፣ እንዴትና መቼ ሊሻር እንደሚገባም ለማስረዳት ይሞክራል።

የመረጃ ዓይነት ሲባል ምን ማለት ነው?

ዛሬ በስፋት የምንጠቀምበት የሠንጠረዥ ዳታቤዝ መሠረት የተጣለው እ.ኤ.አ. በ1970 የአይቢኤም ተመራማሪ የነበረው ኤድጋር ኮድ ባሳተመው ጽሑፍ ነው። በኮድ አስተሳሰብ እያንዳንዱ ዓምድ እሴቶቹን የሚያገኘው አስቀድሞ ከተወሰነ የእሴቶች ስብስብ ነው። ለምሳሌ የወር ቁጥር የሚጻፍበት ዓምድ ከወራት ቁጥሮች ውጭ ሌላ ነገር ሊይዝ አይገባውም። በተግባር ይህን ወሰን በመጀመሪያ ደረጃ የሚያሰምርልን የዓምዱ የመረጃ ዓይነት ነው።

የመረጃ ዓይነት ሦስት ነገሮችን ይወስናል። አንደኛ፣ ወደ ዓምዱ የሚገባውንና የማይገባውን ይለያል። ሁለተኛ፣ እሴቱ በማኅደረ ትውስታ ላይ በስንት ባይትና በምን መልክ እንደሚቀመጥ ይደነግጋል። ሦስተኛ፣ በእሴቱ ላይ ምን ዓይነት ሥራ ሊሠራ እንደሚችል ይወስናል። ይህን ሦስተኛውን በቀላል ምሳሌ መረዳት ይቻላል። 9 እና 10 እንደ ቁጥር ከተቀመጡ 9 ይቀድማል፤ እንደ ጽሑፍ ከተቀመጡ ግን የመጀመሪያ አኃዛቸው ስለሚነጻጸር 10 ከ9 ይቀድማል። ስለዚህ ዓይነቱን የመረጠ ሰው የመረጃውን ትርጉም ጭምር መርጧል ማለት ነው።

ነባሪው ምርጫ ከየት ይመጣል?

ሠንጠረዡን በእጃችን፣ ዓምድ በዓምድ ጽፈን ከፈጠርነው ዓይነቱን የምንመርጠው እኛው ነን። ዛሬ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሠንጠረዡን የሚፈጥርልን ሌላ ፕሮግራም ነው። ይህም በሁለት መንገድ ይከናወናል።

የመጀመሪያው መንገድ ከፋይል ማስገባት ነው። ፕሮግራሙ የፋይሉን ጥቂት ረድፎች ተመልክቶ ለጠቅላላው ዓምድ ይፈርዳል። የኤክሴል ገበታን ወደ ዳታቤዝ የሚያስተላልፈው የማይክሮሶፍት አገናኝ ሶፍትዌር በነባሪነት የሚያየው የመጀመሪያዎቹን 8 ረድፎች ነው። በእነዚህ ረድፎች ቁጥር ከበዛ ዓምዱን የቁጥር ዓምድ ያደርገዋል፤ ከዚያ በታች የሚመጣ ጽሑፍ ካለም ባዶ አድርጎ ያልፈዋል። በስታቲስቲክስ ቋንቋው በአር የሚሠራው «ሪድአር» የተባለ ጥቅል ደግሞ በነባሪነት እስከ 1000 ረድፍ አይቶ ይገምታል። 1000 ከ8 ይሻላል፤ ነገር ግን ባላያቸው ረድፎች ላይ ያለውን አያውቅም።

ሁለተኛው መንገድ ከፕሮግራም ቋንቋ መተርጎም ነው። የፕሮግራሙ ጸሐፊ በጃቫ ወይም በሲ ሻርፕ «ስም፣ ጽሑፍ» ብሎ ይገልጻል፤ መሣሪያው ይህን ወደ ዳታቤዝ ዓይነት ይተረጉመዋል። በጃቫው የጄፒኤ ደንብ መሠረት ርዝመቱ ያልተገለጸ ጽሑፍ 255 ፊደል የሚይዝ ቫርቻር ይሆናል። ይህ 255 የሚባል ቁጥር ከማንም ሰው ስም ወይም ከማንም አድራሻ ርዝመት የተገኘ አይደለም። በማይክሮሶፍቱ ኢንቲቲ ፍሬምወርክ ኮር ደግሞ ለኤስኪውኤል ሰርቨር የሚዘጋጅ የዴሲማል እሴት ምንም ካልተባለ በጠቅላላው 18 አኃዝ፣ ከነጥብ በኋላ 2 አኃዝ የሚይዝ ይሆናል። ለገንዘብ ይህ መልካም ነው። በቤተ ሙከራ ለተለካ 0.0375 ግራም ግን ከሁለተኛው ቦታ በኋላ ያሉት አኃዞች ያለ ምንም የስሕተት መልእክት ሊጠፉ ይችላሉ።

እንግዲህ ሁለቱም መንገዶች አንድ የጋራ ጠባይ አላቸው። የወሰነው አካል መረጃውን አያውቀውም። ከፋይል የሚገምተው ያየው ጥቂት ረድፍ ነው፤ ከቋንቋ የሚተረጉመው ደግሞ አንድም ረድፍ ሳያይ ነው የሚወስነው።

አንድ ምሳሌ፤ የተማሪዎች መዝገብ

ነገሩን ግልጽ ለማድረግ አንድ የተማሪዎች መዝገብ ከፋይል ወደ ዳታቤዝ ይገባል እንበል። መዝገቡ የመታወቂያ ቁጥር፣ ስም፣ የትውልድ ቀን፣ የስልክ ቁጥርና የተከፈለ ገንዘብ የሚሉ ዓምዶች አሉት። ዓይነታቸውን ለፕሮግራሙ ብንተውለት ምን ይሆናል?

የመታወቂያና የስልክ ቁጥር። «00417» የሚል መለያ ለገማች ፕሮግራም ቁጥር ነው። ስለዚህ ግንባር ላይ ያሉት ዜሮዎች ተጥለው 417 ብቻ ይቀራል። በዓምዱ ውስጥ አንድ ባዶ ቦታ ካለ ፓንዳስ የተባለው የፓይተን መሣሪያ ዓምዱን በነባሪነት ወደ ነጥብ ያለው ቁጥር ስለሚለውጠው 417.0 ሆኖ ይገኛል። ከዚያ በኋላ «00417» ብሎ የሚፈልግ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ተማሪውን አያገኘውም። በ09 ወይም በ07 የሚጀምረው የአገራችን የተንቀሳቃሽ ስልክ ቁጥርም የመጀመሪያ ዜሮውን ያጣል። በአገር መለያው በ251 ከተጻፈ ደግሞ 12 አኃዝ ስለሚሆን በ4 ባይት ኢንቲጀር ውስጥ ጨርሶ አይገባም፤ የዚህ ዓይነት ከፍተኛ እሴት 2,147,483,647 ነውና። እዚህ ላይ የሚጠቅመው ደንብ ቀላል ነው። የማይደመርና የማይባዛ ቁጥር ቁጥር ሳይሆን ስም ነው፤ ቦታውም የጽሑፍ ዓምድ ነው።

የተከፈለ ገንዘብ። ነጥብ ያለው እሴት ሲያጋጥማቸው ብዙ መሣሪያዎች በነባሪነት የሚመርጡት ፍሎት የሚባለውን ዓይነት ነው። ይህ ዓይነት ቁጥርን በሁለትዮሽ ክፍልፋይ ያስቀምጣል። አንድ ሦስተኛ በአስርዮሽ ሲጻፍ 0.333 እያለ እንደማያልቅ ሁሉ፣ አንድ ዐሥረኛም በሁለትዮሽ ሲጻፍ ማለቂያ የለውም። ስለዚህ 0.1 ሲደመር 0.2 በ8 ባይት ፍሎት 0.30000000000000004 ይሆናል፤ ውጤቱ ከ0.3 ጋር እኩል መሆኑ ሲጠየቅም ኮምፒዩተሩ «አይደለም» ይላል። የ4 ባይቱ ፍሎት ከዚህም ይብሳል። 16,777,217 በዚህ ዓይነት ቢቀመጥ 16,777,216 ሆኖ ይነበባል፤ አንድ ብር የት እንደገባች ሳትታወቅ ትቀራለች ማለት ነው። ለገንዘብ የሚስማማው ዴሲማል ነው። ዴሲማል(12፣2) ብለን ብንወስን በጠቅላላው 12 አኃዝ፣ ከእነዚህም 2ቱ ለሳንቲም፣ ሳይሸራረፉ ይቀመጣሉ።

በፊደላችን የተጻፈ ስም። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 በ3.0ኛው እትም ነው። ዩቲኤፍ 8 በሚባለው አጻጻፍ እያንዳንዱ ፊደላችን 3 ባይት ይወስዳል። ይህ ለዓምድ ርዝመት ትልቅ ትርጉም አለው። በኦራክል ዳታቤዝ ቫርቻር2(20) ሲባል በነባሪነት 20 ፊደል ሳይሆን 20 ባይት ማለት ነው። «ወልደጊዮርጊስ» 8 ፊደል ቢሆንም 24 ባይት ስለሚፈልግ አይገባም፤ ይኸው ስም በላቲን ፊደል ቢጻፍ ግን 12 ባይት ብቻ ይበቃዋል። መፍትሔው ዓምዱን ስንፈጥር ርዝመቱ በፊደል እንዲቆጠር «ቻር» የሚለውን ቃል ከቁጥሩ ጋር መጨመር ነው።

በኤስኪውኤል ሰርቨር ደግሞ ችግሩ ሌላ መልክ አለው። ዩቲኤፍ 8ን በማይጠቀም ተራ ቫርቻር ዓምድ ውስጥ ይህን ስም ብናስገባ የምናገኘው «????????» ነው። ስምንቱ ፊደላት ወደ ስምንት የጥያቄ ምልክት ተለውጠዋል። ይህ የማሳያ ጉድለት አይደለም፤ በዲስኩ ላይ የተጻፈው ራሱ የጥያቄ ምልክት ስለሆነ ፎንት ቢቀየርም ስሙ አይመለስም። ስለዚህ ኤንቫርቻር የሚባለውን ዓይነት መምረጥ፣ ወይም ከ2019ኙ እትም ጀምሮ የቀረበውን የዩቲኤፍ 8 አደራደር መጠቀም ያስፈልጋል። በማይኤስኪውኤልም እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው 8.0ኛው እትም እስኪመጣ ድረስ ነባሪው የፊደል ስብስብ ላቲን1 ነበር። በዚያ ዘመን ተፈጥረው ዛሬም በአገልግሎት ላይ ያሉ ሠንጠረዦች እትሙ ስለተሻሻለ ብቻ ዓይነታቸው አይለወጥም።

የትውልድ ቀን። ዴት የሚባለው የዳታቤዝ ዓይነት የሚያውቀው የጎርጎርዮስን አቆጣጠር ነው። በአገራችን አቆጣጠር የተጻፈ ቀን ሲገባበት ሦስት ነገሮች ሊደርሱ ይችላሉ። ጳጉሜን 3 እንደ 13ኛ ወር ስለሚቆጠር ተቀባይነት አያገኝም። ጥቅምት 30 በወር 2፣ በቀን 30 ስለሚጻፍ ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን የለም ተብሎ ይመለሳል። እነዚህ ሁለቱ ቢያንስ ራሳቸውን ያጋልጣሉ። ከሁሉ የሚከፋው ሦስተኛው ነው። መስከረም 5 ቀን 1995 የተወለደ ተማሪ በወር 1፣ በቀን 5 ሲመዘገብ ዳታቤዙ «ጃንዋሪ 5፣ 1995» ብሎ በደስታ ይቀበለዋል። ቀኑ ትክክለኛ ይመስላል፤ ተማሪው ግን በመዝገቡ ላይ ከሰባት ዓመት በላይ አርጅቷል። በዕድሜ ገደብ የሚሰጥ ዕድል ካለ ተማሪው ምክንያቱን ሳያውቅ ሊነፈገው ይችላል።

ስለዚህ ሁለት አማራጮች አሉ። አንደኛው ቀኑን ከመግባቱ በፊት ወደ ጎርጎርዮስ ለውጦ በዴት ዓይነት ማስቀመጥ ነው። ሁለተኛው ቀን፣ ወርና ዓመትን በሦስት የኢንቲጀር ዓምዶች ለይቶ፣ ወሩ ከ1 እስከ 13፣ ቀኑ ከ1 እስከ 30 እንዲሆን በደንብ መገደብ ነው። በሁለቱም ጊዜ የዓምዱ ስም የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ መናገር አለበት።

ነባሪው እንዴት ይሻራል?

ከላይ ባየነው መሠረት የመዝገባችን ዓምዶች በሚከተለው መልክ ሊወሰኑ ይችላሉ፦

• የመታወቂያ ቁጥር፦ ቫርቻር(12)፣ ባዶ መሆን የማይችል፣ የማይደገም
• ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፦ ለእያንዳንዳቸው ዩኒኮድ የሚቀበል ጽሑፍ፣ እስከ 60 ፊደል
• የትውልድ ቀን በጎርጎርዮስ፦ ዴት
• የስልክ ቁጥር፦ ቫርቻር(15)
• የተከፈለ ገንዘብ፦ ዴሲማል(12፣2)፣ ከዜሮ የማያንስ

ይህን ውሳኔ ለፕሮግራሙ የምንናገርበት ቦታ እንደ መሣሪያው ይለያያል። ሠንጠረዡን «ክሪኤት ቴብል» በሚለው ትእዛዝ በእጃችን ብንፈጥርና ፕሮግራሙ ረድፎችን ብቻ እንዲጨምር ብናዝዘው ከሁሉ የበለጠ ግልጽ ነው። በአር ቋንቋ ሠንጠረዥ የሚጽፈው ትእዛዝ «ፊልድ ታይፕስ» የሚባል ግብዓት አለው፤ በፓንዳስ «ዲታይፕ» የሚባል ግብዓት፣ በጄፒኤ ደግሞ «ኮለም ዴፊኒሽን» የሚባል መግለጫ ለዚሁ ሥራ ተዘጋጅተዋል። ሁሉም የሚያስፈልጋቸው የዓምዱ ስምና የምንፈልገው ዓይነት ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ተማሪዎች የሚስቱት አንድ ነጥብ አለ። መረጃ ከፋይል ወደ ሠንጠረዥ እስኪደርስ ሁለት ጊዜ ዓይነት ይሰጠዋል፤ አንድ ጊዜ ሲነበብ፣ ሌላ ጊዜ ሲጻፍ። «00417» ሲነበብ ወደ 417 ከተለወጠ በኋላ በሚጻፍበት ጊዜ «ይህ ጽሑፍ ነው» ብንል የምናገኘው «417» የሚል ጽሑፍ ነው። ዓይነቱ ተስተካክሏል፤ መረጃው ግን ቀድሞ ጠፍቷል። ስለዚህ ነባሪው መሻር ያለበት በመጀመሪያው በር ላይ ነው። ለዚህም አስተማማኙ ዘዴ ዓምዶቹን ሁሉ እንደ ጽሑፍ ወደ አንድ መሸጋገሪያ ሠንጠረዥ ማስገባት፣ በዚያ ላይ መመርመር፣ ከዚያም ወደ ዋናው ሠንጠረዥ በተወሰነው ዓይነት ማዛወር ነው። የማይለወጥ እሴት ካለ በመሸጋገሪያው ላይ ተለይቶ ይቀራል፤ ሰውም አይቶት ይወስናል።

የመረጃ ዓይነትን መጻፍ በራሱ ዋስትና የማይሆንባቸው ሥርዓቶች መኖራቸውንም ማወቅ ይገባል። ኤስኪውላይት የተባለው በስልኮች ሁሉ ላይ የሚገኘው ዳታቤዝ ኢንቲጀር በተባለ ዓምድ ውስጥ ቁጥር ያልሆነ ጽሑፍ ቢገባ በነባሪነት ይቀበለዋል። ጥብቅ ቁጥጥር የሚፈልግ ሰው እ.ኤ.አ. በ2021 ከወጣው 3.37ኛው እትም ጀምሮ «ስትሪክት» የሚለውን ቃል ሠንጠረዡን ሲፈጥር መጨመር ይችላል። ማይኤስኪውኤልም ገደብ የሚያደርገውን «ቼክ» የተባለ ደንብ በተግባር ማስከበር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2019 ከወጣው 8.0.16 እትም ወዲህ ነው፤ ከዚያ በፊት ትእዛዙን አንብቦ ችላ ይለው ነበር።

በኋላ ማስተካከል አይቻልም ወይ?

«ዛሬ እንዲሁ ይፈጠር፤ ችግር ሲመጣ እናስተካክለዋለን» የሚል አሳብ ሊነሣ ይችላል። አንዳንዱ በእርግጥ ይስተካከላል። እ.ኤ.አ. በ2014 «ጋንግናም ስታይል» የተሰኘው የሙዚቃ ቪዲዮ የተመልካቾች ቁጥር 2,147,483,647ን ለማለፍ ሲቃረብ፣ ዩቲዩብ ቆጣሪውን ከ32 ቢት ወደ 64 ቢት አሳድጎታል። ጠባብን ዓምድ ማስፋት የነበረውን መረጃ አይጎዳም። ይሁን እንጂ ብዙ ሚሊዮን ረድፍ ባለው ሠንጠረዥ ላይ ዓይነትን መለወጥ ሠንጠረዡ እንደገና እንዲጻፍ ሊያስገድድ ስለሚችል ሥራን ለረጅም ጊዜ ያስቆማል።

የጠፋ መረጃ ጉዳይ ግን የተለየ ነው። መለያዎቹ ሁሉ አምስት አኃዝ መሆናቸው ከታወቀ 417ን ወደ 00417 መመለስ ይቻላል። ርዝመታቸው የተለያየ ከሆነ ግን ቀድሞ «0417» ይሁን «00417» የሚነግረን ነገር የለም። ወደ ጥያቄ ምልክት የተለወጠ ስምና ሁለት አኃዝ ብቻ የቀረለት ልኬትም ከዋናው ወረቀት በቀር መመለሻ የላቸውም። ወረቀቱ ተወግዶ ከሆነ ነገሩ አብቅቷል።

ማጠቃለያ

ነባሪ ምርጫ ሁልጊዜ መጥፎ ነው ማለት አይደለም። ለሙከራ ለሚፈጠርና በማግሥቱ ለሚጣል ሠንጠረዥ ግምቱ ጊዜ ይቆጥባል። ከልክ በላይ ማጥበብም የራሱ ጉዳት አለው፤ ለስም 10 ፊደል ብቻ የወሰነ ሰው ከ255ቱ የከፋ ስሕተት ሠርቷል። መለኪያው መረጃው ለሰው የሚያስፈልግ መሆኑና ለረጅም ጊዜ የሚኖር መሆኑ ነው። ለእንዲህ ያለ ሠንጠረዥ ከመፍጠር በፊት በእያንዳንዱ ዓምድ ላይ ሦስት ጥያቄዎችን ማንሣት ይበቃል። በዚህ እሴት ላይ ስሌት ይሠራበታል ወይስ ስም ብቻ ነው? ሊመጣ የሚችለው ትልቁ፣ ረጅሙና ረቂቁ እሴት ምንድን ነው? የማይስማማ እሴት ቢመጣ እንዲመለስ ነው የምንፈልገው ወይስ ተለውጦ እንዲገባ?

የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ያለው ተማሪውን በሚመዘግበው፣ ናሙናውን በሚለካውና ሒሳቡን በሚይዘው ሰው ዘንድ ነው። ፕሮግራሙ የሚያየው ጥቂት ረድፎችን ብቻ ነው፤ ስለዚህ በጥቂት ደቂቃ የሚሠራውን ይህን ምርጫ መረጃውን የሚያውቀው ሰው ራሱ፣ ሠንጠረዡ ሳይፈጠር በፊት ሊያደርገው ይገባል።